ለጥርስ ኢምፕላንት መንጋጋን ማዘጋጀት፦ የአጥንት ንቅለ ተከላ አካሄድ

ኢምፕላንት ማለት ከቲታኒየም የሚሠራ፣ ቅርጹ ብሎን የሚመስል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ነው። ይህ ሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ከአጥንቱ ጋር ሲዋሐድ ከላዩ የሚታሰርለትን ጥርስ ለረጅም ዓመታት ይሸከማል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚጣበቅ በ1950ዎቹ በጥንቸሎች ላይ ካስተዋለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲህ የብሎኑ ቅርጽም ሆነ የገጹ አሠራር ብዙ ቢለዋወጥም፣ ዙሪያውን የሚያቅፈው በቂ አጥንት የሌለው ኢምፕላንት እንደማይጸና ያኔም ዛሬም የታወቀ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኢምፕላንት ለማስተከል ሄደው «መጀመሪያ አጥንት መጨመር አለበት» ለተባሉና ወደፊት ሊባሉ ለሚችሉ ሰዎች ነው። የቀዶ ሕክምናው ሥራ የሐኪሙ ነው፤ በወንበሩ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወራት እጅግ ይረዝማሉ፣ እነርሱም በአብዛኛው በታካሚው እጅ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው ዝርዝር ሐኪሙን የሚተካ ሳይሆን፣ በየደረጃው ምን መጠየቅ፣ ምን መፈጸምና ከምን መቆጠብ እንደሚገባ የሚያሳይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከተቻለ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ይጀምሩ

የጥርስን ሥር ዙሪያውን የሚይዘው የአጥንት ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ የሚሸከመው ነገር ያጣል፤ ሰውነትም ሥራ የሌለውን አጥንት ቀስ በቀስ እየሟሟ ይወስደዋል። በጥናት እንደታየው፣ ጥርሱ በተነቀለ በአንድ ዓመት ውስጥ የመንጋጋው ጠርዝ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን የሚያጣ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ቶሎ የሚረግፈው በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው ግድግዳ ነው፤ ይህ ግድግዳ በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚሳሳ በመሆኑ፣ የፊት ጥርሳቸውን ያጡ ሰዎች ድዳቸው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ሲል ያስተውላሉ።

ስለዚህ ለጥርስ ነቀላ ቀጠሮ ይዘው ከሆነና ወደፊት በቦታው ኢምፕላንት ማስተከል የሚያስቡ ከሆነ፣ ይህን ለሐኪሙ መናገር ያለብዎት ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ጥርሱን ግድግዳውን ሳይሰብር፣ እንዳስፈላጊነቱም ሥሮቹን ለያይቶ በዝግታ ያወጣል፤ የተመረዘውን ሥጋ ከጉድጓዱ ጠርጎ ካጸዳ በኋላ የአጥንት ቅንጣቶች ይሞላበትና ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ሸፍኖ ይሰፋዋል። ይህ አሠራር የጥርስን ጉድጓድ መጠበቅ ይባላል። የአጥንቱን መሳሳት ፈጽሞ አያስቀርም፤ በጉልህ ይቀንሰዋል እንጂ። ቢሆንም አጥንቱ ከጠፋ በኋላ መልሶ ከመገንባት ይልቅ ያለውን መጠበቅ ቀላልም፣ ሕመሙ ያነሰም ነው። ጥርሱ ከተነቀለ ዓመታት ያለፉበት ሰው ይህ ዕድል ስላለፈው በቀጥታ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሻገራል።

በቦታው ብርቱ መግል ካለ ሐኪሙ መጀመሪያ ጥርሱን ብቻ ነቅሎ ድዱ እስኪሽር ጥቂት ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። በሌላ በኩል የጉድጓዱ ግድግዳዎች ሙሉ ከሆኑ ኢምፕላንቱን በነቀላው ዕለት ተክሎ በዙሪያው የቀረውን ክፍተት ብቻ በቅንጣት የሚሞላበት ሁኔታም አለ። የትኛው እንደሚበጅ የሚወሰነው ጉድጓዱ ታይቶ ነው።

ደረጃ 2፦ አጥንቱን በቁጥር ያስለኩ

«አጥንትዎ አነስተኛ ነው» የሚል ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረ መታወቅ አለበት። መንጋጋውን በሙሉ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል የሚያሳየው የተለመደው ራጅ ቁመቱን በግምት ቢያሳይም ስፋቱን አያሳይም፤ ምስሉንም ከእውነተኛው መጠን አተልቆ ያቀርባል። ለዚህ ሥራ ተገቢው መንጋጋውን በሦስት ገጽታ ቆራርጦ የሚያሳየው ኮን ቢም ሲቲ የተባለው ምርመራ ነው።

ምስሉ በኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት አብረው እንዲያዩት ይጠይቁና ሦስት ቁጥሮችን ይጻፉ። የመጀመሪያው ኢምፕላንቱ በሚገባበት ቦታ ያለው የአጥንት ስፋት ነው። ዲያሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ኢምፕላንት በከንፈር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በምላስ በኩልም ቢያንስ ከ1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ አጥንት እንዲቀርለት ስለሚፈለግ፣ ጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሰፋ ይመረጣል። ሁለተኛው ቁመቱ ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የከንፈርንና የአገጭን ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ያልፋል፤ የኢምፕላንቱ ጫፍ ከዚህ ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ይደረጋል። በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ደግሞ ከጥርሶቹ ሥር በላይ ሳይነስ የሚባል በአየር የተሞላ ባዶ ክፍል አለ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይህ ክፍል ወደ ታች እየሰፋ ስለሚመጣ አጥንቱ ከሥርም ከላይም ይበላል። ሦስተኛው ቁጥር ከጎረቤት ጥርሶች ያለው ርቀት ነው፤ በኢምፕላንትና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ኢምፕላንቶች መካከል ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አጥንት እንዲኖር ይፈለጋል።

እነዚህ ቁጥሮች ከተገኙ በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ያለ ንቅለ ተከላ ሊሠራ የሚችል ሌላ መንገድ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ቁመት ባነሰበት ቦታ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን አጭር ኢምፕላንት ሊበቃ ይችላል፤ ጥርስ ጨርሶ በሌለበት መንጋጋ ላይ ኢምፕላንቱን አዘንብሎ በመትከል ነርቩን ወይም ሳይነሱን ማለፍ ይቻላል፤ በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚታሰር ድልድይ ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስም ለአንዳንዱ ሰው በቂ ነው። አማራጮቹን በግልጽ አስረድቶ ንቅለ ተከላው ለምን እንደሚሻል ምክንያቱን የሚነግር ሐኪም፣ አማራጭ የለም ብሎ ከሚያቻኩል ይልቅ ሊታመን ይገባል።

ደረጃ 3፦ የጤና ታሪክዎን ሳይሸሽጉ ያስመዝግቡ

በሕክምና መጠይቅ ላይ ሰዎች የጥርስን ጉዳይ ከሌላው አካላቸው ለይተው በማየት ብዙ ነገር ይዘላሉ። ለአጥንት ንቅለ ተከላ ግን እጅግ የሚያሳስቡት መድኃኒቶች ከጥርስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉት ናቸው። ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዙት አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ እንዲሁም ዴኖሱማብ የተባለው መርፌ፣ አሮጌ አጥንትን የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ሥራ ያቀዘቅዛሉ። መንጋጋ ደግሞ ቁስሉን የሚጠግነው እያፈረሰ በመገንባት ነው፤ ይህ ሥራ ሲገታ ቁስሉ ሳይሽር ቀርቶ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሞት ይችላል። አደጋው ከፍ የሚለው መድኃኒቱ ለካንሰር ሕክምና በደም ሥር በብዛት ሲሰጥ ነው። መርፌው ከወራት በፊት የተወሰደ ቢሆንም መናገር ያስፈልጋል፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው፤ በተለይ ዴኖሱማብ በድንገት ሲቋረጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

በራስና በአንገት ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰውም ይህን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ጨረር ያረፈበት አጥንት የደም ዝውውሩ ስለሚጎዳ ለመዳን ይቸገራል። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ማቆም የለበትም፤ ከድድ የሚፈስ ደም በጫናና በስፌት ይቆማል፣ በልብ ወይም በአንጎል የሚፈጠር የደም መርጋት ግን ሕይወት ይቀጥፋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠኑን የሚያሳየውን ምርመራ ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ውጤቱ 7 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ለመሥራት ይመርጣሉ። የድድ ሕመም ካለ መጀመሪያ እርሱ ይታከማል፤ የሚደማና መግል የቋጠረ ድድ ባለበት አፍ ውስጥ አጥንት መትከል ባልጸዳ ቁስል ላይ ስፌት እንደመስፋት ነው። ነፍሰ ጡሮች ይህ ሕክምና አስቸኳይ ባለመሆኑ ከወሊድ በኋላ እንዲያቆዩት ይመከራል።

ማጨስን በተመለከተ መለሳለስ አይጠቅምም። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የተተከለው አጥንት ደግሞ ሕይወት የሚያገኘው አዲስ የደም ሥሮች ወደ ውስጡ ሲበቅሉ ብቻ ነው። ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት በፊት ማቆምና ከዚያም በኋላ ለ8 ሳምንታት ያህል ሳያጨሱ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጨርሶ መተው ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ኒኮቲን ያለበት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ከዚህ አይለይም።

ደረጃ 4፦ የሚተከለው ቁስ ከየት እንደመጣ ይወቁ

የሚተከለው ቅንጣት በአብዛኛው ራሱ አጥንት ሆኖ አይቀርም። እንደ ማገር ነው፤ ማገር ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፣ ጭቃው ሲመረግበት እንጂ። ጭቃውን የሚያመጣው የታካሚው ሰውነት ነው፤ ሕዋሳትና የደም ሥሮች በቅንጣቶቹ መካከል እየተሳቡ አዲስ አጥንት ይሠራሉ፣ ቅንጣቱም እንደ ዓይነቱ በፍጥነት ወይም በዝግታ ይተካል።

ከራስ የሚወሰደው አጥንት ሕያው ሕዋሳት ያሉት ብቸኛው ቁስ ስለሆነ ከሁሉም ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል። የሚወሰደው ከመጨረሻው የታችኛ መንጋጋ ጥርስ በስተኋላ፣ ከአገጭ፣ እጅግ ብዙ ሲያስፈልግም ከዳሌ ነው። ጉድለቱ ሁለተኛ ቁስል መፍጠሩ ነው፤ በተለይ ከአገጭ ሲወሰድ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ለጊዜው፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዙ ይችላሉ። ሁለተኛው ምንጭ ከሞት በኋላ በልገሳ የተገኘ፣ በሕብረ ሕዋስ ባንክ ተመርምሮና ታክሞ የሚቀርብ የሰው አጥንት ነው። ሦስተኛው የእንስሳ፣ በብዛትም የከብት አጥንት ሲሆን፣ ሥጋዊ ይዘቱ በሙሉ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ ነው፤ በጣም በዝግታ ስለሚሟሟ የተሞላውን ቦታ መጠን ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ያቆያል። አራተኛው እንደ ሃይድሮክሲአፓታይትና ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ያለው በፋብሪካ የሚሠራ ማዕድን ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያደባልቃሉ፦ ከራስ የተፋቀ ጥቂት አጥንት ለሕይወቱ፣ የከብት ቅንጣት ደግሞ መጠኑን ለመጠበቅ።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. 1965 ለዚህ ሙያ ሁለት ጊዜ የምትጠቀስ ዓመት ናት። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት በጡንቻ ውስጥ ሲቀበር እንኳ አዲስ አጥንት እንደሚያስበቅል ያስታወቀው በዚያው ዓመት ነበር። ከለጋሽ የሚገኘው አጥንት አንዱ ዓይነት ዛሬም በዚሁ መንገድ ማዕድኑ ወጥቶለት ይዘጋጃል።

ከቅንጣቱ በላይ የሚደረገው ስስ ሽፋን ሌላው የሚረሳ ጉዳይ ነው። የድድ ሥጋ ከአጥንት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ካልተከለከለ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ አጥንት ሊበቅልበት የሚገባውን ቦታ ይሞላዋል። ሽፋኑ ይህን ይከለክላል። ቀላል ለሆነው ሥራ በራሱ የሚሟሟ የኮላጅን ሽፋን ይበቃል፤ ጠርዙ ወደ ላይ እንዲያድግ ሲፈለግ ግን የማይሟሟ፣ በቲታኒየም የተጠናከረ ሽፋን ወይም የቲታኒየም መረብ ያስፈልግና በኋላ ይወጣል። የኮላጅን ሽፋኖች ብዙዎቹ ከአሳማ የሚሠሩ ናቸው። በእምነትም ሆነ በሌላ ምክንያት የእንስሳ ወይም የሰው ቁስ የማይቀበሉ ከሆነ፣ ይህን መጠየቅ ያለብዎት የስምምነት ወረቀቱን ከመፈረምዎ አስቀድሞ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ይነግረኛል ብለው አይጠብቁ። የተጠቀሙበትን ቁስ ስምና የምርት ቁጥር የያዘውን ተለጣፊ ወረቀትም ተቀብለው ያስቀምጡ።

ከክንድዎ ደም ቀድተው በማሽን አሽከርክረው የሚያዘጋጁት ፒአርኤፍ የተባለ የረጋ ደም ሽፋንም ሊቀርብልዎ ይችላል። ለድዱ መሻር ያግዛል፤ የአጥንቱን ቅንጣት ግን አይተካም።

ደረጃ 5፦ ለቀኑ ይዘጋጁ

ከሕክምናው በፊት ባሉት ቀናት ጥርስ ይታጠባል፣ ለስላሳ ምግብ በቤት ይዘጋጃል፣ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ሁሉ ቀድመው ይግዙ፤ ከንፈር ደንዝዞ፣ ጎዝ (ደም የሚመጥ የቁስል ጨርቅ) ነክሰው በመድኃኒት ቤት ወረፋ መቆም ደስ አይልም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ ደግመው ይናገሩ፣ ምክንያቱም በተለምዶ የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን የዚያው ወገን ነው። ሥራው በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቀለል ያለ ምግብ በልቶ መሄድ ይቻላል፤ የሚያፈዝ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ ግን ለስንት ሰዓት መጾም እንዳለብዎ ይጠይቁ፣ ወደ ቤት የሚያደርስዎ ሰውም ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ በወንበሩ ላይ የሚከናወነውን ይወቁ

ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሙ ድዱን ሰንጥቆ እንደ ክዳን ይከፍታል። ስሜቱ የመገፋትና የመንቀጥቀጥ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ እጅ ማንሣት ተገቢ ነው፣ ማደንዘዣ ይጨመራል። አጥንቱ ከታየ በኋላ ገጹ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሳል፤ ይህም ደም ከውስጡ መጥቶ ለቅንጣቶቹ ሕይወት እንዲያደርስ ነው። ቀጥሎ ቅንጣቱ ይሞላል፣ በሽፋን ይሸፈናል፣ አንዳንዴም ሽፋኑ በጥቃቅን ሚስማሮች ይያዛል። ጉድለቱ ሰፊ ሲሆን በቅንጣት ፋንታ ሙሉ የአጥንት ቁራጭ በትናንሽ ብሎኖች ይታሰራል። በመጨረሻ ድዱ ያለ ውጥረት ተገናኝቶ ይሰፋል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ቢመስልም፣ ተወጥሮ የተሰፋ ድድ ከቀናት በኋላ ተሰንጥቆ ቁሱን ስለሚያጋልጥ ጥሩ ሐኪም ለእርሱ ጊዜ አይሰስትም።

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ላይ የሚሠራው የሳይነስ ማንሣት ይባላል። የቀረው የአጥንት ቁመት ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ሐኪሙ ከጉንጭ በኩል በአጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ የሳይነሱን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ሳይቀድ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ከሥሩ ቅንጣት ይሞላል። ከዚያ የሚበልጥ አጥንት ካለ ኢምፕላንቱ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ከታች ሆኖ ማንሣት ይቻላል፤ ኢምፕላንቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ይተከላል። በጎን መስኮት በሚሠራው ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የዚያ ስስ ሽፋን መቀደድ ነው። ትንሽ ከሆነ በኮላጅን ይለጠፋል፤ ሰፊ ከሆነ ሥራው ቆሞ ከወራት በኋላ ይደገማል። ሐኪሙ በመሐል ለማቆም ቢወስን ይህን እንደ ውድቀት መቁጠር አይገባም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በጥንቃቄ ይለፉ

መመሪያው ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፤ በቁስሉ ውስጥ የረጋው ደምና ቅንጣቶቹ ከቦታቸው መንቀሳቀስ የለባቸውም። የሚነቃነቅ ቅንጣት አጥንት ሳይሆን ጠባሳ ይሆናል።

የተሰጠዎትን ጎዝ ለ30 እስከ 60 ደቂቃ ነክሰው ይቆዩ፤ ደሙ ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው አያንሡት። ማደንዘዣው ሳይለቅ የመጀመሪያውን የሕመም ማስታገሻ ይውሰዱ። ኢቡፕሮፌን ለሕመሙም ለእብጠቱም ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ፓራሲታሞል መጠቀም ይኖርበታል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው በጉንጭዎ ላይ 20 ደቂቃ ያኑሩ፣ 20 ደቂቃ ያሳርፉ፤ ይህ የሚጠቅመው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ነው። ሲተኙ ራስዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አፍዎን አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በመምጠጫ ቱቦ አይጠጡ። ምራቅ በደም ቢቀላም አፍዎን ከፍተው እንዲፈስ ያድርጉት እንጂ አይትፉት፤ መትፋትና መምጠጥ በአፍ ውስጥ የሚፈጥሩት ስበት የረጋውን ደም ነቅሎ ያወጣል። ከሁሉም በላይ ግን ከንፈርዎን እየጎተቱ ስፌቱን በመስታወት አይመልከቱ። ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ ያምረዋል፤ ጉተታው ግን በቀጥታ በስፌቱ ላይ ያርፋል።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጉንጭና አገጭ ቢበልዝም አያስደንግጥ። እንደ አሸዋ ያሉ ጥቂት ነጫጭ ቅንጣቶች በምላስ ላይ ቢገኙም ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ከላይ የተረፉት ናቸው። በየቀኑ ብዙ የሚወጡ ከሆነ ግን መደወል ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ስፌቱ እስኪወጣና ድዱ እስኪሽር

ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ወይም ክሎርሄክሲዲን በተባለው፣ በታዘዘልዎ ጀርም ገዳይ የአፍ ማጠቢያ አፍዎን ይያዙ፤ ጉንጭን እየነፉ መጉመጥመጥ ሳይሆን ፈሳሹን በአፍ ይዞ ራስን ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ይበቃል። ክሎርሄክሲዲን ሲሰነብት ጥርስን ቡናማ ስለሚያደርግና ጣዕምን ስለሚለውጥ ከታዘዘልዎ ቀን አያሳልፉት። ሌሎቹን ጥርሶች እንደወትሮው ይቦርሹ፤ የተሠራበትን ቦታ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይንኩ። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አያቋርጡ።

ምግቡ ለስላሳና ለብ ያለ ይሁን፤ በሌላኛው ወገን ያላምጡ። ደረቅና የሚሰባበር ምግብ ስፌቱን ይወጋል። ከባድ ዕቃ ማንሣትና ብርቱ ስፖርት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቅር። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለዎት ከሆነ በዚህ ጊዜ ትልቁ ጠላትዎ እርሱ ነው፤ በተተከለው ቦታ ላይ በየንክሻው ይጫናል። ለጥቂት ሳምንታት ሳያደርጉት መቆየት ይኖርብዎታል፣ ወይም ሐኪሙ ከውስጥ በኩል ፈቅፍቆ ቦታውን እንዳይነካ ያስተካክልልዎታል። ፊት ለፊት ያለ ጥርስ ጎድሎ መውጣት ለሚከብደው ሰው ከጎረቤት ጥርስ ጋር የሚጣበቅ ጊዜያዊ ጥርስ ይሻላል።

የሳይነስ ማንሣት የተደረገለት ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አፍንጫን መናፈጥ የለበትም፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍንጫን መያዝ አይገባም፣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው እንጂ። በአፍንጫና በአፍ የሚፈጠረው ግፊት ቅንጣቱን ከቦታው ሊያስለቅቅ፣ የተለጠፈውንም ሽፋን ሊከፍት ይችላል። በአውሮፕላን ለመጓዝ ወይም ለመጥለቅ ያሰበ ሰው ሐኪሙን ሳያስፈቅድ መነሣት የለበትም።

ስፌቱ በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ይወጣል። ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪሙን ያግኙ፦ ለ30 ደቂቃ በጎዝ ተጭነውት የማይቆም ደም፤ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ትኩሳት፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም ሕመም፤ መግልና መጥፎ ጣዕም፤ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላም የሚቀጥል የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ፤ የጠጡት ውኃ በአፍንጫ መውጣት። መተንፈስን ወይም መዋጥን የሚያስቸግር እብጠት ከታየ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ድዱ ተከፍቶ ሽፋኑ ቢታይ ቁስሉን በጣትም ሆነ በምላስ ሳይነኩ ለሐኪሙ ማሳየት ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በማጽዳት ብቻ ይተርፋል። ሆን ተብለው ሳይሸፈኑ የሚተዉ የሽፋን ዓይነቶችም ስላሉ፣ የእርስዎ ከእነዚያ ይሁን አይሁን በሕክምናው ዕለት ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ወራቱን ሳያሳጥሩም ሳያስረዝሙም ይጠብቁ

ድዱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሲሽር ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ገና እየጀመረ ነው። ለተሞላ የጥርስ ጉድጓድ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ለሰፋ ጠርዝ ከ4 እስከ 9 ወር፣ ለሳይነስ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ቀኑ የሚለያየው በቁሱ ዓይነት፣ በጉድለቱ ስፋትና በሰውየው ጤና ነው።

መቻኮል ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ያልጠነከረ አጥንት ብሎኑን አጥብቆ አይዝም። ያለልክ መዘግየትም እንደዚያው ይጎዳል፣ ይህን ግን ጥቂቶች ያውቃሉ። በተለይ ከራስ ተወስዶ የታሰረ የአጥንት ቁራጭ ሥራ ካላገኘ፣ መጀመሪያ አጥንቱን ባሳጣው በዚያው ሕግ እንደገና መሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ ስፌቱ በወጣ ዕለት የመመለሻ ቀጠሮውን ወሩን ቆጥረው ያስይዙ። በቀጠሮው ዕለት በኮን ቢም ሲቲ የሚለካውን አዲስ ስፋትና ቁመት በደረጃ 2 ከጻፏቸው ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ፤ ከተተከለው ውስጥ ጥቂቱ መቀነሱ የተለመደ ነው፣ ሐኪሙም ይህን አስቦ በመጀመሪያ ጥቂት አትርፎ ይሞላል። የተገኘው ልክ ለታሰበው ኢምፕላንት የሚበቃ ከሆነ የመትከያው ቀን ይቆረጣል፤ ጥቂት ከጎደለ ኢምፕላንቱ ሲተከል በጎኑ ትንሽ ቅንጣት ይጨመራል። ከዚያም ኢምፕላንቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ከ3 እስከ 6 ወር የሚሆን ሌላ ጊዜ ስለሚያስፈልግ፣ ጥርሱን ለአንድ የተወሰነ ዕለት የሚፈልጉ ከሆነ ከዚያ ዕለት ወደ ኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆጥረው ይጀምሩ።